ከአውቶቡስ የወረዱት ሽማግሎች

ሽቶ የሚባል ነገር አልወድም፤ ያስነጥሰኛል። የናፍጣ ሽታ ግን፣ በተለይ ከገብስ ገለባ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣ፣ ልቤን ይዞት ይሄዳል። ባለፈው ሰሞን ለዘመድ ተዝካር ደብረ ታቦር ሄጄ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድ ገለባ የጫነ መኪና አጠገቤ መጥቶ ጭሱን ለቀቀብኝ። የልጅ ልጄ «እማማ፣ አፍንጫሽን በነጠላ ያዢ እንጂ፣ ትታመሚያለሽ!» እያለች ትጎትተኛለች። እኔ እቴ! ቆሜ ወደ ውስጥ ሳብሁት እንጂ። በዚያ ላይ ረዳቱ «እስቴ! እስቴ! መካነ ኢየሱስ! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ሲጮህ (መኪናው ግማሹ ባዶ ነው፤ ውሸታቸው ዛሬም ያው ነው) እግሬ ሳያማክረኝ ወደ በሩ አመራ። «ወዴት ነው?» አለችኝ ልጅቱ። «ሽማግሎቼ ትዝ ብለውኝ ነው» አልኋት። አሮጊት ስትቃዥ የሰማች መስሏት ዝም አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አላጫወትኋትም ነበርና።

ነገሩ በንጉሡ ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በልብስና በጫማ ነው። ሴቱ ሁሉ ሽብሽቦ ቀሚስ ያሰፋበት፣ የቴትሮን ሱሪ የለበሰ ጎረምሳ ተኩሱ እንዳይበላሽበት ቁጭ ማለት የሚፈራበት፣ ሸራ ጫማ በሦስት ብር የሚገኝበት ዘመን ነበር። ደብረ ታቦር ያኔ ይህ ሁሉ ፎቅ የለባትም። ከገበያው ጥግ የአንድ ዐረብ ሱቅ ነበረች፤ ባለቤቱ ሬዲዮኑን ደጃፉ ላይ አውጥቶ የክራር ዘፈን ሲለቅ እኛ ልጃገረዶቹ የክብሪት ዋጋ የማናውቅ ይመስል «ክብሪት ስንት ነው?» እያልን እንቆም ነበር። ሰውዬውም ነገሩ ገብቶት «ዘፈኑ ነጻ ነው፣ ክብሪቱ አምስት ሳንቲም ነው» ይለናል። እንቁላል በስሙኒ ጉያ ሙሉ ይገኛል። ዛሬ አንዱን እንቁላል የገዛሁበትን ዋጋ ያን ጊዜ ለሰው ብናገር፣ ጠበል ውሰዷት ይሉኝ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የማስተምር የሃያ ዓመት መምህርት ነኝ። ጥሩወርቅ ነው ስሜ፤ ጥሩ ይሉኛል።

ያስተማሩኝ መምህሬ አቶ ይግዛው ለፓርላማ ሊወዳደሩ ተነሡ። የጋይንት ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ካኪ ኮት የማይለያቸው፣ ሲናገሩ ጣታቸው ላይ ጠመኔ ያለ ይመስል አየር ላይ የሚጽፉ ሰው። ያኔ ፓርቲ የለም፤ ሰው በራሱ ስም ነው የሚወዳደር። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንዳይቸገር ለያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ሥዕል ይሰጠዋል። የእሳቸው ተፎካካሪ፣ የአንድ ትልቅ ባላባት ልጅ፣ ሞፈር ደረሰው። ለእኛ ጃንጥላ። የክፍል ጓደኛዬ የነበረው ደሴ ራሱን ይዞ «አይ ዕድል! ሰውዬው ለገበሬ ሞፈር ይዞ ይሄዳል፤ እኛ ጃንጥላ ይዘን ልንለምን!» አለ። መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ከጎን ሆነው «ዝም በል አንተ፤ ጃንጥላ ለታቦት ነው የሚዘረጋ፣ ሞፈር ለበሬ ነው» አሉት። መሪጌታ የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ መምህር ናቸው፤ አቶ ይግዛው ወደ አስኳላ ሳይገቡ በፊት ፊደልም ዜማም ከእሳቸው እግር ሥር ነው የተማሩ። «ደቀ መዝሙሬ ሕግ ሊያወጣ ሲሄድ ቤቴ አልቀመጥም» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። እኔን ደግሞ አቶ ይግዛው ጠርተው «ሴቶችም ይመርጣሉ እኮ፤ ሴት ካልነገረቻቸው ማንን ይሰማሉ?» አሉኝ። ለቅስቀሳው ከተነሣው አንድ አውቶቡስ ሰው ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ። በአቡጀዲ ላይ ጃንጥላውን የሣልሁትም እኔ ነኝ፤ እንጉዳይ ነው የመሰለ፣ ግን ማንም ደፍሮ አልነገረኝም።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ አውቶቡሱ ላይ የወጣሁት ለምርጫው ብቻ አይደለም። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች የገብርኤል ደብር። አባቴ ጭቃ ሹም ውበቱ የደብሩ ሕዝብ ሹም ነው፤ እሱ ተነሡ ሲል ደብሩ ይነሣል፣ ተቀመጡ ሲል ይቀመጣል። በልጅነቴ ለስማዳ ሰው አጨኝ። ዳሱ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሚዜዎቹ በቅሎ ሸልመው በመንገድ ላይ ሳሉ፣ እኔ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ደብረ ታቦር አክስቴ ዘንድ ገባሁ። በቅሎዪቱ ባዶዋን ወደ ስማዳ ተመለሰች። አባቴ ያን ለት በደብሩ ፊት «ልጅ የለኝም፤ ስሟን በቤቴ ያነሣ በገብርኤል ግዝት ይሁንበት» ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ እስከ ምርጫው ስምንት ክረምት አልፏል። እናቴ እታገኝ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ስሜን ሳትጠራ ኖረች፤ ግዝት ነዋ። እኔም በሰው በሰው ደኅንነቷን እየሰማሁ ኖርሁ። አውቶቡሱ በመካነ ኢየሱስ ገበያ ቀን እንደሚደርስ ስሰማ፣ ከሩቅም ቢሆን ገበያ ላይ አይቻት እመለሳለሁ ብዬ ነው የተነሣሁ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም።

የዚያን ቀን ጉዞ! አውቶቡሱ የአቶ ይግዛው የእህት ባል ንብረት ነው፤ መስታወቱ ግማሹ በካርቶን የተተካ፣ መቀመጫው ሽቦው የወጣ፣ ሹፌሩ ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ የጎንደር ከተማ ሰው፣ ዳገት በደረሱ ቁጥር «በሉ ውረዱ፤ እናንተም ሰው ናችሁ እሱም ብረት ነው፣ ተጋገዙ» የሚሉ። ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የበልግ ዝናብ ጠብ ብሎ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ጎረምሶቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ይገፋሉ፤ መሪጌታ ከኋላ ሆነው በመቋሚያቸው አውቶቡሱን ቸብ ቸብ ያደርጉታል፣ አህያ ይመስል። ከታች ያለው ገበሬ ጥማዱን አቁሞ ይስቃል። ደሴ ከበሮውን ይዞ ጣሪያው ላይ ወጥቶ፣

«ፀሐዩ ቢያቃጥል፣ ዝናቡ ቢመጣ፣
ጃንጥላው ይግዛው ነው እኛን የሚያወጣ»

ሲል አንዱ ገበሬ ከማሳው «መጀመሪያ እናንተን ከጭቃው ያውጣችሁ!» ብሎ መለሰለት። አቶ ይግዛው እስኪያለቅሱ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ ኮስታራ ነበሩ። ቆሎ ተዘግኖ ይዞራል፣ ዘፈን ይቀያየራል፣ ጭሱ ከወለሉ ሥር ገብቶ ዓይናችንን ያቃጥለዋል። ጣሪያው ላይ ጋሽ መኩሪያ ለአንዱ ወዳጃቸው በቅሎ ቀለብ የጫኑት የገብስ ገለባ አለ፤ በየቀዳዳው ይበንናል። ያ ሽታ ነው እንግዲህ አፍንጫዬ ውስጥ የቀረው።

መካነ ኢየሱስ ገበያው ሞቆ ደረስን። ወንዶቹ ወደ ከብት ተራ ሄዱ፤ እኔ ጎመን ዘርና ቅቤ የሚሸጡት ሴቶች ዘንድ ቁጭ አልሁ። «እናንተም ትመርጣላችሁ፤ ሕጉ ነው» ስላቸው አንዷ ቅቤዋን በቅጠል እየጠቀለለች «አንቺዬ፣ እኔ ባሌን እንኳ አልመረጥሁ፣ የአዲስ አበባን ሰው ልመርጥ?» አለችኝ። ሳቅ ሆነ። ሌላዋ ቀና ብላ ታየኝ ነበር። እያየች፣ እያየች፣ «ኧረ በገብርኤል! አንቺ የጭቃ ሹም ውበቱ ልጅ አይደለሽም?» አለች። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ። ጠጋ ብላ እጄን ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እናትሽ እኮ ከጥምቀት ወዲህ አልጋ ላይ ናት። እህል እምቢ ብላለች። እኛስ እስከ ክረምቱም አትደርስ ብለን ነው። ለምን አትሄጂም?» አለችኝ። ምን ልበላት? ግዝት አለ፤ ሄጄ ደጁን ብረግጥ አባቴ ማንንም ቆሞ አይሰማ፣ ያባርረኛል፤ እናቴም ያን አይታ ብትሞትስ? ጃንጥላዬን ረሳሁት፤ የሣልሁትን አቡጀዲ ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስሁበት።

መሪጌታ ናቸው ያገኙኝ። አውቶቡሱ ጥግ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና «በይ ልጄ፣ ከምኑ ጀምሪ» አሉኝ። ሁሉን ነገርኋቸው። እሳቸው ለአቶ ይግዛው ነገሩ። በማግስቱ ሰንበት ነው፤ ዕቅዳችን ከቅዳሴ በኋላ በስማዳ መንገድ ያሉትን ደብሮች እየቀሰቀስን እስከ ስማዳዋ ከተማ ወገዳ ድረስ ለመሄድ ነበር። የመጀመሪያው ደብር የአባቴ ነው። ጠዋት አውቶቡሱ ከደብሩ በታች ባሕር ዛፍ ሥር ቆመና አቶ ይግዛው ወደኛ ዞሩ። «የጥሩን ነገር ሰምታችኋል። ሽማግሌ ሆነን እንግባ» አሉ። ደሴ «እሺ፣ እግረ መንገዳችንንም ድምፁን እንለምናለን፤ ይህ ደብር እኮ ትልቅ ነው፣ ይህን ካጣን አለቀልን» አለ። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሽማግሌ በአንድ አፍ ሁለት ልመና አይለምንም። ሁለቱን ይዘን ከገባን ልጅቱን መለወጫ ነው የምናደርጋት።» ጋሽ መኩሪያ መሪውን ይዘው ወደ ፊት ያያሉ። እኔ «ይቅር፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ልል አፌን ስከፍት፣ አቶ ይግዛው ወርደው የአውቶቡሱን ግንባር ያለበሰውን አቡጀዲ በእጃቸው ፈቱት፤ አጣጥፈውም ለደሴ ሰጡት። «ከበሮውንም አግባው። ዛሬ ምርጫ የለም» አሉ።

በዕድሜ የገፉት ጥቂት ስለነበሩ ጋሽ መኩሪያም ሽማግሌ ሆኑ። «እኔ መኪና እንጂ ሰው ነድቼ አላውቅም» እያሉ ኮታቸውን አራገፉ። የደሴንም ቁመት አይተው መሪጌታ የራሳቸውን ጋቢ አለበሱት፤ «አፍህን ከዘጋህ ሽማግሌ ትመስላለህ» አሉት። እኔን አውቶቡሱ ውስጥ ትተውኝ፣ ጋሽ መኩሪያ ደግሞ አውቶቡሱን ቀስ አድርገው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አስጠግተውት ወረዱ። ሰንበቴ ነበር፤ ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ከቅጥሩ ሥር ዳቦና ጠላ ይዞ ተቀምጧል። በካርቶኑ ቀዳዳ አየዋለሁ። አባቴ ከመካከል ነው፤ ጢሙ ነጥቷል። ስምንት ዓመት እንዲህ ያስረጃል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

«እንግዶች፣ ኑ ጸበል ጻዲቅ ቅመሱ» አለ አባቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ። መሪጌታና አቶ ይግዛው፣ ጋሽ መኩሪያና ደሴም በተርታ ቆመው ነጠላቸውን አደግድገው እጅ ነሡ፤ አንድም አልተቀመጠም። አባቴ ነገሩ ገባው። «ጸበል ጻዲቅ እምቢ የሚል ልመና ይዞ የመጣ ነው» አለ፤ ፈገግም አለ። «የኔታ፣ አይቁሙብኝ። ለምን እንደመጣችሁ እናውቃለን። ባለ ሞፈሩም ባለፈው ሰንበት መጥቶ ነበር፤ ቃላችንን አልሰጠነውም። አቶ ይግዛው፣ ስለ እርስዎ ጠይቄያለሁ። ድሃ አይገፉም፣ እጅዎ ንጹሕ ነው ብለውኛል። ተቀመጡ፤ ደብሩ ከእርስዎ ጋራ ነው።»

ይታያችሁ! ደሴ ኋላ እንደነገረኝ፣ ያን ሲሰማ ጋቢውን ጥሎ ሊጨፍር ምንም አልቀረው። ያልለመኑት ድምፅ በሰሃን ተደርጎ ቀረበላቸው። መሪጌታ ወደ አቶ ይግዛው አዩ። እኔም በቀዳዳው የእሳቸውን ፊት ነው የማየው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ቢቀመጡ ማን ይፈርድባቸዋል? እኔ ራሴ አልፈርድም ነበር።

«ጭቃ ሹም፣ እግዜር ያክብርልኝ» አሉ አቶ ይግዛው። «የመጣነው ግን ለዚያ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አጋድመው «ስለ ጥሩወርቅ ነው» አሉ።

ጠላ የምትቀዳው ሴት ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ደርቃ ቀረች። ያን ስም በዚያ ደብር ስምንት ዓመት ሙሉ ጮክ ብሎ የጠራ የለም። አባቴ ወደ መሬት አየ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «በሕይወት አለች?» አለ። በሕይወት መኖሬን ያውቃል፤ ሰው ነግሮታል። ግን ከሽማግሌ አፍ መስማት ፈልጎ ይሆናል። «አለች፤ አስተማሪ ናት፤ ከደጅዎ ናት» አሉት መሪጌታ። የዚህን ጊዜ ከወዲያ ጥግ አንድ ሽማግሌ፣ ከአባቴ ጋር የቆየ ቅሬታ የነበረው ሰውዬ፣ ጭራውን እያወዛወዘ «ኧኸ! ለካስ የደብሩ ድምፅ የጭቃ ሹም ልጅ ማስታረቂያ ኖሯል!» አለ። አንዳንዱ አጉረመረመ። የአባቴ ፊት ተለወጠ።

«አቶ ይግዛው፣ ሰምተውታል» አለ። «እኔ አሁን ልጄን ከእጅዎ ተቀብዬ ነገ ይህን ደብር ለእርስዎ ባሰልፍ፣ ልጁን በሰው ድምፅ ገዛ እባላለሁ። እሷም የተሸጠች ትባላለች። ሁለቱን ላደርግልዎ አልችልም። አንዱን ይበሉኝ።»

አቶ ይግዛው አንድ ትንፋሽ እንኳ አልወሰዱም። «ልጅቱን» አሉ።

ደሴ ዓይኑን ጨፈነ። አባቴ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ስሙኝ፤ ገብርኤልም ይስማኝ፤ የዚህ ደብር ድምፅ ለሞፈሩ ነው። ከእንግዲህ ማንም ገዛ ሸጠ እንዳይለኝ» አለ። ቀጥሎም «አሁን ልጄን አምጡልኝ» አለ።

ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚቀርብ። ደሴ ከመንገዱ አንስቶ አሸከመኝ፤ እግዜር ይይለት፣ ትንሽም አልመረጠልኝ። እያለቀስሁ ስሄድ የደብሩ ቄስ «በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም፣ እንዳትደፋ» ብለው ተቆጡ። መሪጌታ «አባ፣ የአባት ጉልበት መሳም ስግደት አይደለም፤ ናፍቆት ነው» አሏቸው። ጉልበቱ ላይ ልወድቅ ስል አባቴ ድንጋዩን በገዛ እጁ ከአንገቴ አነሣውና «ማነው ይኼን ቋጥኝ ያሸከማት? አንገቷ እኮ ከልጅነቷም ቀጭን ነው!» ብሎ ጮኸ። ደሴ ከመሪጌታ ጋቢ ውስጥ ጠፋ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ግዝቱን ፈቱ። አባቴ ራሴን ይዞ ሳመኝ፤ ጢሙ ጠላና ዕጣን ይሸታል። «በይ ሂጂ፣ እናትሽ ዘንድ ሩጪ» አለኝ፤ ሮጥሁ።

እናቴ መደቡ ላይ ናት። ያለወትሮዋ ትንሽ ሆናለች። «እማ» ስላት ዓይኗን ሳትገልጥ «ዛሬስ ደግሞ ድምፅዋን ሰማሁት» አለች፤ ሕልም መስሏት። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ፊቴ ላይ አደረግሁት። በጣቷ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን ዳሰሰች፤ ወረደችና እግሬን ያዘች። ሸራ ጫማዬን ስታገኝ «ውይ ልጄ! እግርሽ ጫማ ለመደልሽ?» አለችና ስሜን ጠራችው። ጥሩ፣ ጥሩዬ፣ ጥሩወርቄ፤ ስምንት ዓመት ያልጠራችውን ሁሉ አንድ ላይ ጠራችው። የዚያኑ ቀን ግማሽ ኩባያ አጥሚት ጠጣች። ክረምቱን ብቻ አይደለም፣ ከዚያ ወዲያ ብዙ ክረምት ኖረች፤ ልጆቼን በጀርባዋ አዝላ አሳደገችልኝ። ለዚህ ነው እኔ ስለ ዕድሜዋ ሁሉ የማመሰግነው አንድ አሮጌ አውቶቡስ ሙሉ ሰው የሆነው።

ሽማግሎቹ ከዚያ በኋላ ተቀመጡ፤ በሉ፣ ጠጡ። ጋሽ መኩሪያ «ሽምግልና እንዲህ የሚያበላ ከሆነ ሹፌርነቱን ትቼዋለሁ» አሉ። አባቴ ሲሸኛቸው አንድ ስልቻ ገብስ አውቶቡሱ ላይ አስጫነ፤ አቶ ይግዛውን በሁለት እጁ ጨብጦ ምንም አላለም። አባቴ አመሰግናለሁ የሚል ቃል ካፉ ወጥቶ አያውቅም፤ የዚያ አገር ወንድ እንዲህ ነው። አውቶቡሱ ወደ ወገዳ ሲሄድ አቡጀዲውን መልሰው ሰቀሉት፤ እኔ እናቴ ዘንድ ቀረሁ። ከቅጥሩ ላይ ቆሜ እስኪሰወሩ አየኋቸው። ደሴ ጣሪያው ላይ ሆኖ ዘፈኑን ጀምሮ ነበር፤ ድምፁ ግን ቅዝዝ ያለ መሰለኝ።

አቶ ይግዛው ተሸነፉ። ጋይንት ሰጣቸው፣ ስማዳም ግማሹ ሰጣቸው፤ እስቴ ላይ ነው የወደቁት። ያ ደብር ቢጨመርላቸው ያልፉ ነበር ብሎ ሰው ሁሉ አወራ። እኔ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ከእሳቸው ጋር በአንድ ትምህርት ቤት አስተማርሁ። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ በፊታቸው ላይ የዚያን ነገር ጥላ አላየሁም። ዛሬ ለአንዲት ወንበር ወንድም ወንድሙን ሲሸጥ ስሰማ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። ከደብሩ ሳጥን የወጣው ወረቀት ሁሉ ሞፈር ነበር፤ አንድ ብቻ ጃንጥላ። ማን እንደሆነ ሁላችንም አወቅን፤ እናቴ ናት እንጂ ሌላ ማን ይሆናል? ከአልጋዋ ተነሥታ ለባለ ውለታዋ ሰጠች አልን። አቶ ይግዛውም «እናትሽ እኮ መራጬ ናቸው» እያሉ በየበዓሉ ስኳርና ሻማ ይልኩላት ነበር። እኔም ስጠይቃት ትስቃለች እንጂ አዎም አይደለምም አትልም።

ከዚያ ዘመን ተገለበጠ፣ ንጉሡም ፓርላማውም አለፉ፣ ብዙ ነገር መጣ ሄደ። አባቴ ዐረፈ። ሙት ዓመቱን አውጥተን ሰዉ ከተበተነ በኋላ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ያን ምርጫ አንስቼ እንደ ወትሮዬ «እማ፣ ያን ቀን እንዴት ብለሽ ደፈርሽ?» አልኋት። የዚያን ቀን አልሳቀችም።

«እኔ የት ደፈርሁ ልጄ» አለች። «እኔ ያን ለት ከማጀት አልወጣሁም። እግሬ መች ጸንቶልኝ? አባትሽ ናቸው።»

«አባዬ? በገብርኤል ፊት ለሞፈሩ ብሎ!»

«ደብሩን ለሞፈሩ ሰጡ እንጂ። ሁሉንም አሰልፈው አስመረጡ። በመጨረሻ የራሳቸውን ወረቀት ይዘው ገቡ። ማታ መጥተው ለእኔ ብቻ ነገሩኝ፤ 'አንቺ፣ ለደብሩ የገባሁትን ቃል ፈጽሜአለሁ። የእኔን ግን፣ ልጄን አምጥቶ ለሰጠኝ ሰው አንዲት ወረቀት ብነፍገው ምን ብዬ እቆርባለሁ?' አሉኝ። በሕይወት ሳሉ እንዳልናገር አስማሉኝ።»

በማግስቱ አቶ ይግዛው ቤት ሄድሁ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ካኪ ኮታቸውን ደርበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ያለችኝን አንድም ሳላጎድል ነገርኋቸው። መጀመሪያ የሰሙኝ አልመሰለኝም። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፣ እንባቸው እየወረደ ወደ ቤት ውስጥ ዞረው ለሚስታቸው ጮሁ።

«ኧረ ነይ፣ ነይ ስሚ! ጭቃ ሹም ውበቱ መርጠውኛል!»